ስለ አንድ የሆኪ ኮሜንታተርና ስለ ልጄ ደብተር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ

በቅድሚያ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲያትል ከተማ ነው። እንጀራዬ ሹፍርና ነው። ጋዜጣችሁን አብዛኛውን ጊዜ የማነበው ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ፣ በስልኬ ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ወር በአንባቢያን ገጽ የወጣ አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊውን ውጭ አገር የሚያድጉ ልጆቻችን የሚመርጡት ሙያ አሳስቧቸዋል። ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ እኔም አባት ነኝ። መሃል ላይ ግን፣ ጨዋታ እያዩ ለማውራት ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል የሚል ነገር ጣል አድርገዋል። እህቴ ደብዳቤውን ሳሎን ውስጥ ጮክ ብላ ስታነብልን ልጄ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። 17 ዓመቱ ነው። ኮሜንታተር መሆን ነው የሚፈልገው። ምንም አላለም። ተነስቶ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። ይህን ደብዳቤ በሐሳቤ መጻፍ የጀመርኩት የዚያኑ ዕለት ማታ ነው።

ልጄን ወደዚህ ሙያ የሳበው የእግር ኳስ ሰው አይደለም። የበረዶ ሆኪ ሰው ነው። ኤቨረት ፊትዝሂው ይባላል። ሲያትል ክራከን ለሚባለው ቡድናችን በሬዲዮ ጨዋታ የሚያስተላልፍ ጥቁር አሜሪካዊ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። እናቴ ደብረ ብርሃን ነው ያለችው። አንድ ቀን በስልክ "ልጁ ምን እያየ ነው የሚያመሸው?" ብላ ጠየቀችኝ። "በበረዶ ላይ የሚጫወቱት ገና ነው" አልኳት። ወዲያው ገባት። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ አለ። ሩርም አለ። የነሱ ሩር ግን ድቡልቡል አይደለም፤ ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ ጥቁር ጎማ ነው። ፓክ ይሉታል። ክብደቱ 170 ግራም ገደማ ነው። በረዶው ላይ እንዳይነጥርባቸው ከጨዋታው በፊት ፍሪዘር ውስጥ ከተው ያቀዘቅዙታል። ሜዳው 61 ሜትር በ26 ሜትር ነው፤ ዙሪያውን ታጥሯል። ተጫዋቾቹ ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አድርገው ይንሸራተታሉ። እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ "እዚያም በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል?" አለችኝ።

እንግዲህ ይህን በሬዲዮ ማስተላለፍ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በአንድ ጊዜ በረዶው ላይ ከየቡድኑ በረኛውን ጨምሮ ስድስት ስድስት ሰው አለ። ከተቀያሪዎቹ ጋር ሁለቱ ቡድኖች 40 ሰው ያሰልፋሉ። አንድ ተጫዋች አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ወጥቶ ሌላው ይገባል። ለቅያሬ ፊሽካ አይነፋም፤ ጨዋታው እየሄደ ነው አጥሩን ዘለው የሚገቡት። ሩሩ ሲለጋ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበርበት ጊዜ አለ። ኮሜንታተሩ ከላይ ሆኖ ማን እንደያዘው፣ ወደ የት እንደሄደ፣ ማን እንደቀማው፣ ስንት ደቂቃ እንደቀረ፣ ስንት ለስንት እንደሆነ ይናገራል። አንዱን ከዘለለ ሰሚው ይጠፋል። መሪውን ጨብጬ ሀይዌይ ላይ ያለሁት እኔ የማየው የፊቴን መኪና ብቻ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ ሚያዝያ 30 ቀን 2023 እሁድ ምሽት ነበር። ክራከን መጫወት በጀመረ በሁለተኛ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሎ ማለፍ ገብቷል። የገጠመው ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን ኮሎራዶ አቫላንችን ነው። ሦስት ለሦስት ተሸናንፈው የመጨረሻዋን ሰባተኛ ጨዋታ ዴንቨር ላይ ያደርጋሉ። ልጄን ከጓደኛው ቤት ይዤው ስመጣ ጨዋታው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ደርሷል። ቤታችን በር ላይ መኪናዋን አቆምኩ። ሞተሩን አጥፍቼ ሬዲዮውን ብቻ ተውኩት። ሁለታችንም አልወረድንም።

ኦሊቨር ቢዮርክስትራንድ የሚባለው ዴንማርካዊ ሁለት ጎል አገባ። ኮሎራዶ አንድ መለሰ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ኔተን ማኪነን አስቆጠረና አቻ የሆኑ መሰለ። ልጄ ግንባሩን ዳሽቦርዱ ላይ ደፋ። ከዚያ የኛ አሰልጣኝ ይታይልኝ አለ። ዳኞቹ በቪዲዮ እስኪያረጋግጡ ድረስ እኛ የነበረን አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ከፓኩ ቀድሞ ሰማያዊውን መስመር ያለፈ ሰው ተገኘ፤ ጎሉ ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በሙሉ ልጄ የመኪናውን በር እጀታ እንደያዘ ነው የጨረሰው። ባለቤቴ ወርዳ መስኮቱን አንኳኳች። ምን ሆናችሁ ነው፣ ወጡ ቀዘቀዘ። ልጄ መስኮቱን ዝቅ አደረገና በእጁ ዝም እንድትል ለመናት። እሷም ከኋላ ገብታ ተቀመጠች። ሁለት ለአንድ አለቀ።

ሳናስበው ሦስታችንም ተቃቅፈን ነበር። ባለቤቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ሆኪ ምን እንደሆነ አታውቅም።

ያን ምሽት እኔ ያስታወስኩት አጎቴን ነው። አጎቴ ዓይነ ስውር ነበር። እኛ ቤት ነው የኖረው። በ1980 ዓ.ም. የሴካፋ ዋንጫ አዲስ አበባ ሲደረግ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በፍጻሜው ኢትዮጵያ ከዚምባብዌ ጋር ተጋጠመች። ሬዲዮናችን ድንጋይ ጨርሳ ስለነበር አጎቴ ድንጋዮቹን አስወጥቶኝ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አሰጥቶኛል። ሰዓቱ ሲደርስ መልሼ ከተትኳቸው። ደምሴ ዳምጤ ማስተላለፍ ጀመረ።

አጎቴ አልጋው ላይ ተቀምጦ ቀኝ እጁን ጋቢው ላይ ዘርግቷል። ደምሴ ኳሷ በቀኝ መስመር ሄደች ሲል መዳፉ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ወደ መሃል ተመለሰች ሲል መዳፉ ይመለሳል። ጋቢው ላይ ሜዳ ነበረው። እኔ የማየው ሬዲዮኑን አልነበረም፤ የአጎቴን እጅ ነው። መለያ ምት ላይ ሲደርሱ እጄን ያዘኝ። በእያንዳንዱ ምት ይጨብጠኛል። ኢትዮጵያ ስታሸንፍ ጣቶቼ ደም መልሰው እስኪያገኙ ትንሽ ቆየሁ። አጎቴ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያን ጨዋታ ለጎረቤት ሲያወራ "አየሁ" ነበር የሚለው። ማንም አላረመውም።

ለእኔ ኮሜንታተር ማለት ያ ነው። ስለዚህ የሙያውን መንገድ ልጄ ሲያጠና እኔም አብሬው ማጥናት ጀመርኩ።

ፊትዝሂው ያደገው ዲትሮይት ነው። ኦሃዮ ውስጥ ቦውሊንግ ግሪን ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ ተማሪ ሳለ የዩኒቨርሲቲውን የሆኪ ቡድን ጨዋታ ያስተላልፍ ነበር። ከዚያ በታዳጊዎች ሊግ ያንግስታውን ለሚባል ከተማ ቡድን ሠራ። ቀጥሎ ሲንሲናቲ ሳይክሎንስ ገባ። ይህ ቡድን የሚጫወትበት ሊግ፣ ክራከን ከሚጫወትበት ከትልቁ ሊግ ከኤንኤችኤል ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ኮሜንታተር ማለት አንድ ሥራ አይደለም። የቡድኑን ዜና የሚጽፈውም፣ ጋዜጠኛ የሚያስተናግደውም፣ ማታ ማይክ የሚይዘውም ያው ሰው ነው። መንገዱ በአውቶቡስ ነው፤ ሌሊቱን ተጉዘው ጎህ ሲቀድ የሚደርሱበት ጊዜ አለ። ፊትዝሂው እዚያ አምስት የውድድር ዓመት ቆየ።

እንደ ፈረንጆቹ በነሐሴ 2020 ክራከን ቀጠረው። ቡድኑ ገና አንድም ጨዋታ አላደረገም። በትልቁ የሆኪ ሊግ ታሪክ ውስጥ የአንድ ቡድን ቋሚ ኮሜንታተር በመሆን የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሱ ነው። ሊጉ የተመሠረተው በ1917 ነው። መቶ ሦስት ዓመት ማለት ነው። የካቲት 17 ቀን 2022 ደግሞ ከቀድሞው ተጫዋች ጄ.ቲ. ብራውን ጋር ሆኖ ዊኒፔግ ላይ የተደረገውን ጨዋታ በቴሌቪዥን አስተላለፈ። በሊጉ ሁለቱም አስተላላፊዎች ጥቁር ሲሆኑ ያ የመጀመሪያው ነበር። ልጄ ያኔ 13 ዓመቱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ሳሎናችን ውስጥ የቲቪውን ድምፅ አጥፍቶ ራሱ ማስተላለፍ የጀመረው።

የቦታውን ጥበት አስቡት። ሊጉ 32 ቡድን ነው ያለው። የሬዲዮ ዋና ድምፅ የሚሆነው ከየቡድኑ አንድ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ወንበሩን የያዘ ሰው ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊቀመጥበት ይችላል። በየዓመቱ ከ80 በላይ ጨዋታ አለ፤ ግማሹ ከቤት ውጭ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ሥጋት ገብቷቸው ከሆነ እኔም ሥጋቱ አለብኝ፤ ልጄንም ነግሬዋለሁ። መንገዱ ከባድ ነው ማለት ሌላ ነው፣ ሙያ አይደለም ማለት ሌላ ነው።

ስለ ትምህርቱም ላንሳ። በዚያው ቦውሊንግ ግሪን ዩኒቨርሲቲ ፊትዝሂው ከመግባቱ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ አንድ ሌላ ሰው ተምሮበታል። ማይክ ኤምሪክ ይባላል። ኢንዲያና ውስጥ ላ ፎንቴን የምትባል ትንሽ ከተማ ልጅ ነው። በ14 ዓመቱ ፎርት ዌይን ላይ የመጀመሪያውን የሆኪ ጨዋታ አየ። በ1973 ፖርት ሂዩረን ለሚባል ትንሽ ቡድን ማስተላለፍ ጀመረ። በ1976 በብሮድካስቲንግ ዶክትሬቱን ያዘ። አሜሪካኖች "ዶክ" እያሉ የሚጠሩት ለዚህ ነው። በ2020 ጡረታ ሲወጣ ከ3,700 በላይ ጨዋታ አስተላልፎ ነበር። ልጆቻችን ዶክተር ይሁኑልን የምንል ወላጆች ይህን ሰው ብናውቀው ጥሩ ነው።

የኤምሪክ ነገር እኔን በጣም የገረመኝ በአንድ ቁጥር ነው። በ2014ቱ የክረምት ኦሎምፒክ አሜሪካና ካናዳ ሲጫወቱ አንድ ተመልካች ቁጭ ብሎ ቆጠረ። ኤምሪክ ፓኩ ከቦታ ቦታ መንቀሳቀሱን ብቻ ለመናገር 153 የተለያዩ ግሶች ተጠቅሟል። በአንድ ጨዋታ! ልጄ ይህን ሲነግረኝ "አማርኛ ስንት አለው?" አለኝ። እዚያው ኩሽና ጠረጴዛ ላይ መቁጠር ጀመርን። ለጋ፣ ላከ፣ ገፋ፣ አሻገረ፣ አሾለከ፣ ጨረፈ፣ ቀማ፣ ነጠቀ፣ ጠለዘ፣ መለሰ፣ አንከባለለ፣ አቀበለ፣ አመለጠበት። ባለቤቴ "ሸተት አደረገው" ብላ ጨመረች። እናቴ ከደብረ ብርሃን በስልክ ሰባት ሰጠችን፤ ሁለቱን እኔም ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። የልጄ ደብተር ላይ እስካሁን 71 ደርሰዋል። አማርኛው ተሰባብሮ የነበረ ልጅ በግስ ነው የተመለሰልኝ።

ያንን ደብተር ጸሐፊው ቢያዩት ደስ ይለኛል። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ገጽ አለው። የመለያው ቁጥር በትልቁ፣ ስሙ ከጎኑ። በቀኝ ይለጋል በግራ። ከማን ጋር ተጣምሮ ይገባል። አጥቂው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ተከላካዩ በቀይ። ከስሙ ሥር ደግሞ አነባበቡን በፊደላችን ይጽፈዋል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ያሳስታል፣ በአማርኛ ግን እንደሚነበበው ነው የሚጻፈው ይላል። ሆኪ ውስጥ የፊንላንድ፣ የቼክ፣ የሩሲያ፣ የስዊድን ስም ብዙ ነው። ሊጉ ራሱ የተጫዋቾችን ስም አነባበብ አዘጋጅቶ ያወጣል። ጎበዝ የሚባል ኮሜንታተር ካልሆነለት ተጫዋቹን ራሱን ሄዶ ይጠይቃል።

ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በኦሎምፒክ ጊዜ የአትሌቶቻችን ስም በውጭ አገር ጣቢያዎች እንዴት እንደሚሰባበር ሁላችንም ሰምተናል። ልጅቷ ለአገሯ ወርቅ እያመጣች ስሟ ይጠፋል፤ በአባቷ ስም ብቻ ይጠሯታል። ያማል። እውነቱን ለመናገር ግን የኛም ኤፍኤሞች ላይ አንዱን ተጫዋች በዘጠና ደቂቃ ውስጥ በሦስት ዓይነት ስም ሲጠሩት ሰምቻለሁ። ስም ለሰው ክብሩ ነው። አንድ ስልክ ደውሎ፣ አንድ ሰው ጠይቆ የሚስተካከል ነገር ነው።

ሌላም ሰው ላንሳ፤ ይህኛው ለእኛ ለስደተኞቹ ይቀርባል። ሃርናራየን ሲንግ ይባላል። ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ የተወለደ፣ ወላጆቹ ከሕንድ የመጡ ሰው ነው። እንደ ፈረንጆቹ ከ2008 ጀምሮ የካናዳ ቴሌቪዥን የሆኪ ጨዋታ በፑንጃቢ ቋንቋ ማስተላለፍ ሲጀምር ማይኩን የያዘው እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ከካልጋሪ ቶሮንቶ እየተመላለሰ የአውሮፕላኑን ከራሱ ኪስ ነበር የሚከፍለው። በ2016 የዋንጫው ፍጻሜ ላይ ኒክ ቦኒኖ የሚባል የፒትስበርግ ተጫዋች ጎል ሲያገባ ስሙን ደጋግሞ እየጠራ ያሰማው ድምፅ ፑንጃቢ የማያውቀውን አሜሪካዊ ሁሉ አዳረሰ። የፒትስበርግ ሰዎች ዋንጫውን ሲበሉ ያከበሩት እሱንና ባልደረቦቹን ጋብዘው ነው። በ2021 ደግሞ በእንግሊዝኛም የትልቁን ሊግ ጨዋታ ማስተላለፍ ጀመረ። ከዚያ በፊት ግን ቋንቋውን ያልተዉ አያቶች ሳሎን ውስጥ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አንድ ጨዋታ በአንድ ቋንቋ አይተዋል። ይህን ሳስብ እናቴ ትመጣብኛለች።

አማርኛ ሆኪ ይጀመር እያልኩ አይደለም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ለእናንተ ነው። የስፖርት ገጻችሁ ስለ ተጫዋች ዝውውር ብዙ ይጽፋል። እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ስለ ድምፆቹ ጻፉ። ደምሴ ዳምጤ ስታዲየም ከመግባቱ በፊት ምን ያደርግ ነበር? ወረቀቱ ላይ ምን ይጽፍ ነበር? ከእሱ በፊት የነበሩት እነ ሰሎሞን ተሰማስ እንዴት ነው የሠሩት? አብረዋቸው የሠሩ ቴክኒሻኖችና ጋዜጠኞች አሁንም በሕይወት አሉ። ሄዳችሁ ጠይቁልን። የቆዩ የስርጭት ካሴቶች በእጁ ያሉት አንባቢም ካለ ወደ እናንተ እንዲልክ ጥሪ አድርጉ። የ1980ውን ጨዋታ ከዳር እስከ ዳር ልጄን ባሰማው፣ አጎቴን ያስተዋወቅኩት ያህል እቆጥረዋለሁ።

ሁለተኛው እዚህ ሰሜን አሜሪካ ላለነው ነው። የስፖርት ፌዴሬሽናችን እንደ ፈረንጆቹ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በሐምሌ መግቢያ ላይ ሕዝቡን በእግር ኳስ ያሰባስባል። ክትፎው አለ፣ ሙዚቃው አለ፣ ባንዲራው አለ። ከሜዳው ጎን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክና ሁለት ወንበር ይጨመርልን። እዚህ የተወለዱ ልጆች ተራ በተራ ተቀምጠው በአማርኛ ያስተላልፉ። ይሳሳታሉ። ፊትዝሂውም የጀመረው በተማሪዎች ማይክ ነው። ጉልበታቸው ደክሞ ሜዳ መምጣት ያልቻሉ አባቶች ቤታቸው ሆነው በስልካቸው ይሰሙታል።

ልጄ ያን ደብዳቤ የሰማ ቀን ማታ በሩን አንኳክቼ ገባሁ። ደብተሩን ዘግቶ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል። ስለ አጎቴ እጅ ነገርኩት። ከዚህ በፊት ነግሬው አላውቅም ነበር። ብዙ ጠየቀኝ። እጁ ቀኝ ነበር ግራ? ጎል ሲሆንስ ምን ያደርግ ነበር? ደምሴ ፈጠን ሲል እጁም ይፈጥን ነበር?

በማግስቱ የክራከንን አንድ ጨዋታ ከፍቶ ሦስት ደቂቃውን በአማርኛ ቀዳው። ለእናቴ ላክንላት። ሁለት ጊዜ ሰማችው። ከዚያ ደወለችና "ጎበዝ ነው፣ ግን ቀስ ይበል በለው፤ መሃል ላይ ሩሩ ማን ጋ እንዳለ ጠፋኝ" አለች። ልጄ ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ "እማማ፣ የቱ ጋ ነው የጠፋሽ?" አላት። እሷም ነገረችው። አሁን ያቺኑ ሦስት ደቂቃ እንደገና እየሠራት ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሲያትል